የስፌት መኪናዬን እንደ መንገድ የቆጠረልኝ ስልክ

ስኳር እንዳለብኝ ከሐኪም በፊት የነገረችኝ መርፌዬ ናት። ስሜ ይማም ይባላል። መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ ባለ በረንዳ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ የክረምት ጠዋት ክር መርፌ ውስጥ ላስገባ ስል ቀዳዳው ጠፋኝ። ክሩን በምራቄ አረጠብኩ፣ መርፌውን ወደ ብርሃን አዞርኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ፤ አልሆነም። በመጨረሻ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ደንበኛዬ ተቀብሎ አስገባልኝና፣ “ዕድሜ ነው ጋሽ ይማም፤ መነጽር ይግዙ” አለኝ።

ገበያ ላይ ከተዘረጉት መነጽሮች አንዱን መርጬ ገዛሁ። እሱም አልረዳኝም። በዚያው ሰሞን ውሃ ጥም ያዘኝ። ጥም ስላችሁ መንገድ የዋለ ሰው ጥም አይደለም፤ ጆጉን ጨርሼ ሳስቀምጠው ምላሴ ተመልሶ ላንቃዬ ላይ ይጣበቃል። የጠጣሁት ደግሞ ውስጤ አይቆይም። የሰው ወገብ እየለካሁ ሜትሩን ጥዬ ወደ ጓሮ እሮጣለሁ። ለሱብሒ ሶላት እስክነሳ ድረስ ስንቴ እንደምመላለስ የምታውቀው ባለቤቴ ዘምዘም ናት፤ በላይዋ ላይ እየተሻገርኩ እንቅልፍ ስነሳት፣ የአልጋውን ጠርዝ ለእኔ ለቃ እሷ ወደ ግድግዳው ገባች።

ሰውነቴም አለቀ። የራሴን ሱሪ ወገብ ደጋግሜ አጠበብኩት፤ ኋላ የሚጠብ ጨርቅ ስላጣሁ በገመድ ማሰር ጀመርኩ። ልብስ ሰፊ ሱሪውን በገመድ ሲያስር ያየ ደንበኛ ምን እንደሚያስብ እናንተው ገምቱት።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ታይፎይድ ነው አለኝ። ኪኒኑን ጨረስኩ፤ ለውጥ የለም። ሌላ ቦታ ስሄድ የሽንት ቧንቧ ነው ተባልኩ። ሌላ ኪኒን። ከዚያ በኋላ ጨጓራ ተባልኩ። በመሀሉ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ “ዓይን ነው፣ ዱዓ ይደረግለት” ይላል፤ ሌላው “ደም አንሶታል” ይላል። ደም አንሶታል የሚለው ወገን አሸነፈና ዘምዘም በየጠዋቱ ማር እየበጠበጠች ታጠጣኝ ጀመር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጥሙን ለመቁረጥ ብዬ ለስላሳ መጠጥ አዛለሁ። ሁለታችንም በቅን ልቦና በሽታውን እየቀለብነው ነበር።

አንድ ጁምዓ ሰግጄ ስወጣ ጉልበቴ ከዳኝና መስጊዱ በር ላይ ቁጭ አልኩ። መነሳት አቃተኝ። ሰው ደግፎ ቤት አደረሰኝ። ማታውን ጎረቤቴ አበባው መጣ። አበባው ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ እሱ ክርስቲያን እኔ ሙስሊም ሆነን በአንድ ግቢ አጥር ተካፍለን ያረጀን፣ ከወንድም የማይለይ ሰው ነው። አየኝና ዘምዘምን፣ “ልብሱን አዘጋጂለት፤ ነገ ደሴ እንሄዳለን” አላት። እኔን አልጠየቀኝም።

የደሴ መንገድ ያኔ አስፋልት አልነበረም። በአቀስታ በኩል ቀኑን ሙሉ አቧራ እየጠጡ መሄድ ነው። ሾፌሩ ለእኔ ሲል ስንት ቦታ እንደቆመ አልናገርም፤ እፍረቱ ከሕመሙ ባሰብኝ። ግን አንድም ተሳፋሪ አላጉረመረመም። እንዲያውም አንዲት ሴትዮ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር፣ “አብሽር ወንድሜ፣ እኛም እግራችንን እናፍታታ” እያለች ከእኔ ቀድማ ትወርድ ነበር። ስሟን ሳልጠይቃት ተለያየን፤ እስካሁን ዱዓ አደርግላታለሁ።

ሆስፒታሉ ከደረስን በኋላ ካርድ አውጥተን አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ስንጠብቅ ከጎኔ አንድ የኩታበር ገበሬ ተቀምጧል። አንድ እግሩ በፋሻ ተጠቅልሏል። ምን ሆነው ነው ብዬ ጠየቅሁት።

“ስኳር ነው ወንድሜ። ሚስማር ወግቶኝ አልተሰማኝም። ጫማዬን ሳወልቅ ነው ደሙን ያየሁት። ጣቶቼን ቆረጧቸው።”

ይህን ሲለኝ ድምፁ የተረጋጋ ነበር። ከኪሱ የገብስ ቆሎ አውጥቶ እጄ ላይ አፈሰሰልኝ። ቆሎውን እያላመጥኩ የእኔን እግሮች ተመለከትኩ። ሕይወቴን ሙሉ በእነዚህ እግሮች የስፌት መኪና መርገጫ ስረግጥ የኖርኩ ነኝ። እግር የሌለው ልብስ ሰፊ ምን ይሆናል?

ጣቴን ወግተው ደም ወሰዱ። ሐኪሙ ወጣት ነበር። ውጤቱን አየና፣ “አባባ፣ ስኳር በሽታ ነው” አለኝ።

“ዶክተር፣ እኔ ስኳር አልወድም። ቡና እንኳ በጨው ነው የምጠጣው” አልኩት።

አበባው በሳቅ ፈረሰ። ሐኪሙም ፈገግ ብሎ አስረዳኝ። የምንበላው እንጀራም ቂጣም ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ስኳር ሆኖ ወደ ደም ይገባል። ያንን ስኳር ከደም አንስቶ ለሰውነት የሚያከፋፍል ኢንሱሊን የሚባል ነገር አለ፤ የእኔ ሰንፏል። ስለዚህ ስኳሩ ደም ውስጥ ተከማችቶ ዓይንንም እግርንም ይጎዳል። “ኪኒኑን ይውሰዱ፤ ማርና ለስላሳ ይተው። ሥራዎ ምንድን ነው?”

“ልብስ ሰፊ ነኝ።”

“ተቀምጠው ነዋ። እንግዲያው በየቀኑ ይራመዱ፤ ላብ እስኪልዎ። እግር ሲሠራ ጡንቻው ስኳሩን ይበላዋል።”

ቀላል መስሎኝ ነበር። ግን መካነ ሰላም ውስጥ ያለ ጉዳይ መራመድ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያልሞከረው አያውቀውም። በመጀመሪያው ጠዋት ጋቢዬን ደርቤ ወደ ከተማው ዳር ስሄድ አንዱ አስቆመኝ።

“የት ነው ይማም? ደህና ነው?”

“ደህና ነው፤ ልራመድ ነው።”

“ወዴት?”

“ወዴትም።”

ፊቱ ተቀየረ። ጥቂት አለፍ ስል ሌላዋ፣ “ማን ሞተ?” ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ልትከተለኝ ተነሳች። ስመለስ የመጀመሪያው ሰውዬ ዘምዘምን፣ “ይማም ሕመሙ ጭንቅላቱ ላይ ወጣበት እንዴ?” ብሎ ጠይቋታል። በማግስቱ ገበያ የምሄድ ለመምሰል ባዶ ዘንቢል ይዤ ወጣሁ፤ ስመለስም ዘንቢሉ ባዶ ስለሆነ፣ “ምን አጥተህ ነው?” ተባልኩ። መራመዱን ተውኩት።

ቤት ውስጥም ሰላም አልነበረም። ዘምዘም ለእኔ ለብቻ፣ ለቤተሰቡ ለብቻ ማብሰል ደክሟታል። እኔ ደግሞ ሳህኔን አይቼ አኮርፋለሁ። ረመዳን ሲመጣ ነገሩ ባሰ። ሐኪሙ መጾም የለብህም ብሎኛል፤ እኔ ሰው ፊት ጾመኛ ሳልሆን መታየት ሞት ሆነብኝ። ዘምዘም ሄዳ የመስጊዱን ሸኽ ቤታችን ጠራቻቸው። እሳቸውም ተቀምጠው፣ “አላህ ለበሽተኛ የሰጠውን ፈቃድ አንተ ማን ነህና ትመልሳለህ? ብላ፤ ለምስኪን አብላ” ብለው ኪኒኔን በፊታቸው አስዋጡኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጾሙ ልቤ ዐረፈ።

ልጃችን ሐያት ያኔ ጂዳ ነበረች፤ ሰው ቤት ትሠራለች። ሕመሜን ደብቀናት ነበር። ዘምዘም፣ “በሰው አገር ብቻዋን ናት፤ አናሳቅቃት” ትላለች። ነገር ግን ከዚህ የሄደ ሰው፣ “አባትሽ ከስቶ አላወቅሁትም” ብሎ ነገራት። ደወለችና መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥሎ ተቆጣችን፣ በመጨረሻ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ አስነገረችኝ። ወደ ከላላ በምትመለስ ጓደኛዋ እጅም ተች ስልክ ላከችልኝ። በከተማችን እንዲህ ዓይነት ስልክ የያዘ ገና ጥቂት ሰው ነበር።

“አባዬ፣ ውስጡ እርምጃ የሚቆጥር ነገር ጭኜልሃለሁ” አለችኝ። “ኪስህ ውስጥ ክተተው። ስትራመድ ራሱ ይቆጥራል። ኢንተርኔት ስትከፍት ደግሞ የአንተን እኔ አያለሁ፣ የእኔን አንተ ታያለህ። ማን እንደሚበልጥ እናያለን።”

ስልኩን ከፍቼ ሳይ አንዲት ትንሽ የሰው ምስል አለች። ከሥሯ ቁጥር አለ፤ ስራመድ ይጨምራል። ለቀኑ የተሰጠኝን ቁጥር ስሞላ ስልኩ ላይ ርችት ይተኮሳል። በመጀመሪያው ቀን ርችቱ ተተኮሰ። በሁለተኛውም ተተኮሰ። እኔ ከቤት ወደ በረንዳዬ፣ ከበረንዳዬ ወደ መስጊድ ብቻ ነው የሄድኩት። እንግዲህ ሳላውቀው ብርቱ ሰው ኖሬያለሁ አልኩ። ሐያት ትደውልና፣ “አባዬ፣ በለጥከኝ እኮ” ትለኛለች። ደረቴ ተነፋ። ለአበባው ቁጥሩን አሳየሁት፤ “ይኼ ሰው ወረኢሉ ደርሶ ይመጣል እንዴ?” አለ።

ወር ሞልቶ ጤና ጣቢያ ስሄድ ግን ስኳሩ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። የምትከታተለኝ ነርስ ሲስተር ትዕግሥት ትባላለች። “በእውነት እየተራመዱ ነው?” አለችኝ።

“ስልኩ ይመስክር” ብዬ አወጣሁላት። እሷም አይታ ግራ ተጋባች።

ምስጢሩ የተገለጠው እሷ ጋውኗን ልታሳጥር በረንዳዬ የመጣች ዕለት ነው። እስክጨርስ ድረስ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ፣ “እስቲ ያንን ስልክ ላየው” አለችኝ። ኪሴ ውስጥ ስለነበር ስፌቱን አቁሜ አወጣሁላት፤ ቁጥሩን አየች፣ መለሰችልኝ፣ እኔም ኪሴ ከትቼ የጋውኑን ጠርዝ ሰፍቼ ጨረስኩ። ስልኩን ደግማ ጠየቀችኝ። አየች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። ሳቋን መቆጣጠር ሲያቅታት አፏን በጋውኗ ያዘች።

“ጋሽ ይማም፣ ከወንበርዎ ሳይነሱ ጨምረዋል። መርገጫውን ነው የሚቆጥረው።”

ለካ የስፌት መኪናዬን ስረግጥ ጭኔ ከፍ ዝቅ በማለቱ ስልኩ የምሄድ መስሎት ኖሯል። ሱሪና ቀሚስ በሰፋሁ ቁጥር ያ ሁሉ ርችት የተተኮሰው ለመኪናዬ ነበር። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሥራ ላይ ስሆን ስልኩን ግድግዳው ላይ ሚስማር መትቼ ሰቀልኩት። በማግስቱ ቁጥሬ ወርዶ ወርዶ ከአንድ ሕፃን ልጅ ያነሰ ሆነ። ሐያት ደንግጣ ደወለች።

“አባዬ፣ ታመምክ እንዴ? ምነው አልተነሳህም?”

ነገርኳት። ሳቋ መጣ። ያን ዓይነት ሳቅ ከሄደች ወዲህ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ዘምዘም ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ምን እንደተባለ ሳታውቅ ከልጇ ጋር ሳቀች።

እውነተኛው የእግር ጉዞ የተጀመረው እንዲህ ነው። ብቻውን የሚሄድ ሰው ስለሚጠየቅ አበባው አብሮኝ ይወጣ ጀመር። ሁለት ሽማግሌ እያወራ ሲሄድ ማንም ምን ሆናችሁ አይልም፤ ለሽምግልና የሚሄዱ ነው የሚመስለው። መጀመሪያ እስከ ባሕር ዛፉ፣ ቀጥሎ እስከ ድልድዩ፣ ኋላም እስከ አፋፉ ድረስ ሄድን። መመለስ ሲከብደኝ ስልኩን አወጣለሁ፤ ሐያት ሁልጊዜ ትቀድመኛለች። “ልጄ እያሸነፈችኝ አልመለስም” እላለሁ፤ አበባው፣ “አንተ ከልጅህ ጋር ተፎካከር፣ የሚደክመው ግን የእኔ ጉልበት ነው” እያለ ይከተለኛል።

ይህ እልህ አንድ ጊዜ ሊያስቀጣኝ ነበር። አዲስ የፕላስቲክ ጫማ አድርጌ ብዙ ሄድኩ። ማታ ዘምዘም ካልሲዬን ልታጥብ ስታነሳ ደም አየችበት። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ተረከዜ ውሃ ቋጥሮ ፈንድቷል። የኩታበሩ ሰውዬ ፊት ወዲያው ታየኝ። ያን ሌሊት ጣሪያ ሳይ አደርኩ።

ሲስተር ትዕግሥት ቁስሉን እያጠበች፣ “አሁን መምጣትዎ ነው ያዳነዎት። እስኪድን መንገድ የለም” አለችኝ። በየጊዜው እየሄድኩ ታሸገ፣ ተፈታ፣ ታጠበ። ስኳር ያለበት ሰው ቁስል ቶሎ አይድንም። ስልኩ ላይ ያቺ ትንሽ ሰው ቆማ ቀረች። ሐያት ቁጥሬ መቆሙን አይታ ደወለችና ስለ ቁስሉ ነገርኳት።

“አባዬ፣ አንተ ተቀመጥ። እስክትድን የአንተንም እኔ እራመድልሃለሁ።”

እውነትም የእሷ ቁጥር በየቀኑ ይወጣ ጀመር። ያኔ ነው ጠይቄያት የማላውቀውን የጠየቅሁት። ጂዳ ባሕር ዳር ያለች ከተማ ናት ሲሉ ስለሰማሁ፣ ልጄ በባሕሩ ዳርቻ ስትንሸራሸር ይታየኝ ነበር።

“ለመሆኑ የት ነው የምትራመጂው?”

“ቤት ውስጥ ነዋ” አለች። “ብቻዬን መውጣት አይፈቀድልኝም። ቤቱ ፎቅ ስለሆነ ደረጃውን እወጣለሁ እወርዳለሁ። ሁሉም ሲተኙ ደግሞ ኮሪደሩን እመላለሳለሁ።”

“አላህ ያግዝሽ” ብቻ አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለዘምዘም አልነገርኳትም፤ ለአበባው ብቻ ነገርኩት። እሱም፣ “እንግዲህ ስትድን የተሰጠህን መንገድ አትንቀው” አለኝ።

ቁስሉ አልሐምዱሊላህ ዳነ። ከዚያ ወዲህ ከመውጣቴ በፊት ጫማዬን አራግፋለሁ፤ ስመለስ መስታወት መሬት ላይ አድርጌ የእግሬን ሥር አያለሁ። ስኳር ያለባችሁ ሁሉ ይህችን አትርሱ፤ እግር ስሜቱ ሲደክም የሚያስጠነቅቃችሁ ዓይናችሁ ብቻ ነው። ጫማችሁም ለስላሳና ልክ ይሁን።

ስኳሩ ቀስ እያለ ወረደ። ዓይኔም ተመለሰልኝ፤ ሐኪሙ እንዳለኝ ያደበዘዘው የስኳሩ መብዛት ነበር። የሱሪዬን ገመድ ፈታሁ። አንድ ዓመት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እኔና ሐያት ቁጥር ሳንተያይ ቆየን፤ ቢሆንም ስልኩ መቁጠሩን አልተወም፣ እኔም መሄዴን አልተውኩም። በመንገድ ላይ ያዩን ሌሎች ሰዎችም ገቡበት፤ ደም ግፊት ያለበት ነጋዴ፣ ወገቡን የሚያመው ጸሐፊ፣ ሚስቱ “ውጣልኝ” ያለችው ጡረተኛ። አሁን ወጣ ስንል አጀብ ነን።

ይህን ለምታነቡ የምላችሁ ጥቂት ነው። ጥምና ሽንት ከበዛባችሁ በግምት ኪኒን አትዋጡ፤ ደማችሁን አስለኩ። ስልክ ካላችሁ ይቁጠርላችሁ፤ ከሌላችሁ ወዳጅ ጠርታችሁ አብራችሁ ሂዱ። ስልኩን ግን ብዙም አትመኑት፤ የእኔን እንዳያችሁት ነው።

ሐያት በሄደች በሦስተኛ ዓመቷ ለእረፍት መጣች። በመጣች በነጋታው፣ “አባዬ፣ የምትሄድበትን አሳየኝ” አለችኝ። ሁለታችን ብቻ ወጣን። ዳገቱ ግማሽ ላይ ትንፋሽ አጠራት። ያች ቀን ከሌት የምትበልጠኝ ልጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

“የአገሩ አየር ነው፤ ትለምጂዋለሽ” አልኳት። “አብሽሪ፤ ቀኑ ገና ነው።”

አፋፉ ላይ ስንደርስ የአባይ ሸለቆ ከሩቅ ጭጋግ ለብሶ ይታያል። ከፊታችን መንገዱ በሜዳው ላይ ተዘርግቷል። ቆማ አየችው።

“እዚያ ኮሪደሩ ሲያልቅ መዞር ነው” አለች። “ቀጥ ብዬ ሄጄ አላውቅም።”

“እንግዲህ ሂጂ” አልኳት።

“እስከዚያች ዛፍ” ብላ ተነሳች። ነጠላ ጫማዋ አቧራውን እያስነሳ ሄደች። ዛፏ ጋ ደረሰች፤ አልቆመችም። አለፈቻት። ልጠራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት፤ ከኋላ ከኋላዋ፣ በራሴ እግር፣ ቀስ ብዬ ተከተልኳት።